ሳንተክላቸው የሚበቅሉት፦ ዘሩን ማን ያመጣዋል?

መልካ ጀብዱ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ዕፅዋት የተማሩ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ከድሬ ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ አጠገብ ማሽላና ሽንኩርት የምናመርትበት መሬት አለን። አምና ለሽንኩርቱ የሚሆን ፍግ ከከብት አርቢ ዘመዶቻችን በረት በጋሪ አስጭነን መሬቱ ላይ በተንን። ዝናቡ እንደጣለ ከሽንኩርቱ ቀድሞ ብቅ ያለው ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍ ነው! ፍጉ ባልደረሰበት ጥግ አንድም የለም። ፍጉ ተከምሮ ባደረበት ቦታ ግን መርገጫ እስኪጠፋ ተጠጋግቶ ወጣ። አንዷን ቡቃያ ዙሪያዋን ቆፍሬ በጥንቃቄ ሳወጣት ከላይ የሚታየው ከጣት አይበልጥም፣ ሥሯ ግን ብዙ እጥፍ ይረዝማል። አንገቷ ላይ ደግሞ የደረቀ እበት እንደተጣበቀባት ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተና ሌላውንም ማየት ጀመርኩ። ከዚራ እናቴ ግቢ ማንም ያልተከለው ኒም አጥር ሥር በቅሏል። ኤሌክትሪክ ሽቦው ሥር የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ ተሰልፎ ወጥቷል። ከብት፣ ወፍ፣ ፍየል… ሁሉም ዘሪ ነው ማለት ነው? ከሆነስ የማንፈልገውን አስቁመን የምንፈልገውን እንዲዘሩልን ማድረግ ይቻላል? የምታውቁ እባካችሁ።

መምህርት ከአራተኛ

ወንድሜ መልካ ጀብዱ፣ እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤት ይህን ርዕስ በአንድ ክፍለ ጊዜ አልፈነው ስለምንሄድ ሁሌ ይቆጨኛል። እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ዛፍ መራመድ አይችልም። ዘሩ በሙሉ እናቲቱ ሥር ቢወድቅ ጥላው፣ ሥሩ የሚሻማው ውኃ፣ ደግሞም እዚያው ተሰብስበው የሚጠብቁት ነቀዝና አይጥ አብዛኛውን ይጨርሱታል። ስለዚህ ዘሩ ራቅ ማለት አለበት። አንዳንዱ ተክል ይህን ለነፋስ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ለጎርፍ። በጣም ብዙው ግን ለእንስሳ ነው የሚሰጠው፣ እንስሳውም በነጻ አይሠራም። የፍሬው ጣፋጭ ሥጋ የባጃጅ ሒሳብ ነው፤ ተሳፋሪው ዘሩ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ፍሬውን የሚበላ ሁሉ ዘሩን አያሰራጭም። ዘሩ የሚሰራጨው ሳይሰበር ካለፈ ብቻ ነው። ርግብና ዋኖስ ጥሬ ለቅመው ሲውሉ ዘር የሚያሰራጩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ጠጠር ያዘለው ጡንቻማ ሆዳቸው ዘሩን ፈጭቶ ይጨርሰዋል፣ ከእነሱ ሆድ በሕይወት የሚወጣው ጥቂት ነው። ለስላሳ ፍሬ የሚውጡት ወፎች ግን ሥጋውን አሟምተው ዘሩን በደህና ይጥሉታል። ሐረርም ድሬም ፓፓያና ጊሽጣ ላይ በመንጋ የሚንጠለጠሉትን፣ ጭራቸው ከሰውነታቸው የሚረዝመውን ግራጫማ ቡናማ ወፎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። እነሱ አንዱ ናቸው።

የእናትህ ግቢ ታሪክ በዚህ ይፈታል። የኒም ፍሬ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ሥጋው ይጣፍጣል፤ ወፍም የሌሊት ወፍም ይወዱታል። የወፍ ቆሎም ጥቁር ፍሬውን ወፍ ነው የሚለቅመው። ወፏ በልታ ሽቦው ላይ ታርፋለች፣ አጥሩ ላይ ታርፋለች፣ እዚያው ትጥላለች። ለዚህ ነው የወፍ ቆሎ በሽቦና በአጥር ሥር ተሰልፎ የሚታየው። ከብቶችን ግን ከዚህ ቁጥቋጦ ጠብቋቸው፤ ቅጠሉ ጉበታቸውን ይጎዳል፣ ከዚያ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳቸው ይቆስላል።

ፕሮሶፒሱን ለከብት አርቢዎቹ እተወዋለሁ፤ እነሱ ከእኔ የተሻለ አይተውታል።

የሽንሌ ልጅ

ወላሂ መምህርት እውነት ብለዋል። ልቀጥልበት።

ፕሮሶፒስ የሚያፈራው በደረቁ ወራት ነው፣ ሣር ሲጠፋ። ቢጫው ፍሬ መሬት ላይ ረግፎ ታያለህ፤ ስትቀምሰው ስኳር አለው። ላም፣ ግመል፣ ፍየል፣ ከርከሮ ሳይቀር ይሻማበታል። ችግሩ ዘሩ ጠንካራ ሽፋን ውስጥ መሆኑ ነው። ላሟ ሥጋውን ታኝካለች፣ ዘሩ ከጥርሷ ያመልጣል፣ ሆዷ ውስጥ ቀናት ቆይቶ ከነሙሉ ጤናው ይወጣል። እንዲያውም የሆዷ አሲድ ያን ጠንካራ ሽፋን ስለሚያላላው ውኃ ቶሎ ይገባዋል። ከዚያ እርጥብ እበት ውስጥ ያርፋል፤ ማዳበሪያውም እርጥበቱም እዚያው ተዘጋጅቶለታል።

አሁን አስበው፤ ድርቅ ሲመጣ መንጋው ሩቅ ይነዳል። ውኃ ጉድጓድ ዙሪያ ያርፋል፣ ከብት ተራ ያድራል፣ መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ዛፉ በእነዚህ ቦታዎች ቀድሞ የሚታየው ለዚህ ነው። እኛ ጋ አሮጌ በረት የነበረበትን ቦታ ከሩቅ የምንለየው በፕሮሶፒሱ ነው።

መፍትሔው ከከብቱ ጋር መጣላት አይደለም። አንደኛ፣ ፍሬው ካለበት አካባቢ የመጣ ከብት ወደ ንጹሕ ግጦሽ ከመግባቱ በፊት አንድ ሳምንት ያህል በረት ውስጥ ሌላ መኖ እየበላ ይቆይ፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ዘር እዚያው ይወጣል። ሁለተኛ፣ ፍሬው ተለቅሞ ይፈጭ። ሲፈጭ ዘሩ ይሰበራል፣ መኖውም የተሻለ ይሆናል። አፋር ውስጥ ይህ ተሠርቶበታል። ግን ከሌላ መኖ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ብቻውን ለረጅም ጊዜ የበላ ከብት መንጋጋው ይታመማል፣ ሆዱም ይታወካል።

ሳቢያን

በአክብሮት የምለየው ነጥብ አለኝ። ሁሉን ነገር በከብት ላይ መጫን አርብቶ አደሩን ጥፋተኛ ማድረግ ይሆናል። ፕሮሶፒስ የአሜሪካ አህጉር ዛፍ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገደማ በሰው እጅ፣ ለአፈር ጥበቃ፣ ለጥላና ለማገዶ ተብሎ ነው። ችግኝ ጣቢያ አፍልቶት፣ በመኪና ተጭኖ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ነው የተተከለው። ላሟ ቀጠለችበት እንጂ አልጀመረችውም።

ጎርፉም አለ። የድሬዳዋን ወንዝ ደቻቱን ደረቅ ሆኖ ስታዩት ዝም ያለ አሸዋ ነው፤ ከዳገት ሲወርድ ግን ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ነው የሚመጣው፣ ዘሩንም ጭምር። በወንዙ ዳርና ዳር ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ በእበት የመጣ አይደለም።

ቅንጨ አረምንም አስታውሱ። በምሥራቁ የታየው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ቀድመው ከታዩባቸው ቦታዎች አንዷ ድሬዳዋ ናት። እሱ ጣፋጭ ፍሬ የለውም። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በመኪና ጎማ ጭቃ፣ በእህል ውስጥ፣ በጎርፍ፣ በእንስሳ ኮቴና ፀጉር ይጓዛል። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው እንስሳ?» ብቻ ሳይሆን «የትኛው መንገድ?» መሆን አለበት።

መምህርት ከአራተኛ

ሳቢያን፣ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ደስ ብሎኝ ነው የምቀበለው። የሰው እጅ ከባሕር ማዶ ያመጣውን፣ የከብት ሆድ ከመንደር መንደር ያደርሰዋል፣ ጎርፍ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል። ሦስቱም መንገዶች መታወቅ አለባቸው።

የኮቴ ጭቃ ሲነሣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዳርዊን ከአንዲት ቆቅ እግር ላይ የተላቀቀ ደረቅ የጭቃ ጓል አግኝቶ፣ ሰብሮና አጠጥቶ ቢያቆየው 82 ቡቃያ በቅሎበታል። ከአንዲት ወፍ እግር! ተማሪዎቼን ከዝናብ በኋላ የጫማቸውን ጭቃ በጣሳ አስቀምጠው እንዲያጠጡ አደርጋለሁ፤ ሁሌም የሚበቅል ነገር አለ።

የሚጣበቁትም አሉ። ጭጎጎት ልብሳችሁ ላይ ሲይዝ ጫፉን በፀሐይ ብርሃን እዩት፤ ቀጥ ያለ እሾህ አይደለም፣ ጫፉ ወደ ኋላ የታጠፈ መንጠቆ ነው። የፍየል ፀጉር ላይ ተሰክቶ ይሄዳል፣ ፍየሏ አካሏን ዛፍ ላይ ስትታከክ ይረግፋል። ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ከአደን ሲመለስ ውሻው ላይ የተጣበቀውን እንዲህ ያለ ፍሬ በማጉያ መነጽር አይቶ ነው የጫማና የቦርሳ ማሰሪያ የሆነውን ቬልክሮ የፈለሰፈው።

የጀጎል ልጅ

ይህን ክር ሳነብ የኛ ነገር ትዝ ስላለኝ ነው። ሐረር ጀጎል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ የድንጋይ አጥሮችና የድሮ ቤቶች ላይ ሾላና ወገኖቹ ይበቅላሉ። አፈር በሌለበት ቦታ፣ በድንጋይና ድንጋይ መሐል። አያቴ «የአላህ ተክል ነው» እያለች እንዳይነቀል ትከለክላለች። እኔ ግን ግንቡ እየተሰነጠቀ ሳይ አዝናለሁ። ይህ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ግንቡም ከሐረሩ ገዥ ከአሚር ኑር ዘመን፣ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመ። መምህርት፣ እዚያ ላይ ማን ይተክለዋል? ምንስ ይደረግ?

አንድ ሌላም ጥያቄ አለኝ፦ ጅቦቻችንስ? በግንቡ ቀዳዳ በየሌሊቱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ዘር ያሰራጫሉ?

መምህርት ከአራተኛ

የጀጎል ልጅ፣ አያትሽን ሰላም በይልኝ።

የሾላ ፍሬ ውስጥ ያሉት ዘሮች በጣም ደቃቅ ናቸው፣ አንዱ ፍሬ ብዙ መቶ ይይዛል። ማታ የሌሊት ወፍ፣ ቀን ደግሞ ልዩ ልዩ ወፎች ይበሉታል። ፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍ ፍሬውን ነጥቃ ወደ ሌላ ዛፍ ትወስዳለች፣ ጭማቂውን መጥጣ ቃጫውን ትተፋለች፣ ደቃቁ ዘር ግን አብሮ ይዋጣል። ሆዷ ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ እየበረረችም ትጥላለች። ኩሱ የግንብ ስንጥቅ ውስጥ ሲያርፍ ጥቂት አቧራና የዝናብ እርጥበት ካገኘ ይበቅላል። የሾላ ወገን ሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ መሐል ላይ እንኳ በቅሎ ሥሩን ወደ መሬት የሚያወርድ ነው፤ ለእሱ የጀጎል ግንብ ምቹ ቦታ ነው።

ምን ይደረግ ላልሽው፣ ቡቃያው ገና ለስላሳ ሳለ በጣት ተነቅሎ ይወጣል፣ ድንጋዩም አይነካም። ሥሩ ከወፈረ በኋላ መጎተት ግን ግንቡን ራሱን ያፈርሳል፤ ያኔ የቅርስ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ ይጠራ። ለአያትሽ ደግሞ የነቀልሽውን ቡቃያ በጣሳ አሳድገሽ ሜዳ ላይ ትከዪላቸው። ሾላ ጥላውም ፍሬውም ለብዙ ነፍስ የሚተርፍ ዛፍ ነው፣ ቦታው ግንብ ላይ አለመሆኑ እንጂ።

ጅቦቹ ሥጋና አጥንት ነው የሚበሉት፤ በዚህ ሥራ ድርሻቸው ትንሽ ነው። ፀጉራቸው ላይ የተጣበቀ ጭጎጎት ይዘው ይገቡ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። ከሌሊት እንስሳት ጎበዟ ዘሪ ጥርኝ ናት። ፍሬውን ሳታላምጥ ትውጣለች፣ ከዚያ ደግሞ ሁሌ አንድ የታወቀ ቦታ ነው የምትጸዳዳው። ቡና ማሳ ያላችሁ ይህን ቦታ ካገኛችሁ ዝናብ ሲጥል ተመልሳችሁ እዩት፣ ልዩ ልዩ ቡቃያ ተሰብስቦ ታገኛላችሁ።

ባቢሌ ለውዝ

እኛ ጋ ትልቁ ዘሪ ዝሆን ነው፣ ሳይነሣ እንዳይቀር። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ ያለው ነው። ዝሆን የበላውን በደንብ አይፈጭም፣ ከግማሽ በላይ ያልተፈጨ ይወጣል። በደኖን የመሰለ ትልልቅ ፍሬ ያለው ዛፍ ድንጋይ የሚያህል ዘሩን ከነሙሉ ጤናው የሚያሳልፍለት ሆድ ሰፊ እንስሳ ያስፈልገዋል። ዘሩ ዝሆኑ ሆድ ውስጥ አንድና ሁለት ቀን ሲቆይ ዝሆኑ እየሄደ ነው። አፍሪካ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ዘር ይዘው እንደሚሄዱ ታውቋል። ይህን ያህል የሚያደርስ ወፍ እንኳ ብዙ የለም።

የኛ ዝሆኖች በለሱንም (ሰፈራችን ቲን የሚለውን) ከነቅጠሉ ይበሉታል። በለስም እንደ ፕሮሶፒስ ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ሰው ይሸጠዋል፣ ይበላዋል፣ ያጥርበታል፤ ዝንጀሮውም ይወደዋል። ዝንጀሮ ጉንጩ ውስጥ ከረጢት አለው፤ ተሻምቶ ሞልቶት ይሸሻል፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ እያኘከ ዘሩን ይተፋል። ሃንስ ኩመር የተባለው የስዊዘርላንድ ሳይንቲስት ከ1960 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያጠናቸው የኤረር ጎታ ዝንጀሮዎች ገደል ላይ ነው የሚያድሩት። ቀን የዋጡትን ማታ ገደሉ ሥር ይጥላሉ። ስለዚህ ገደሉ ሥር የሚበቅለውን ማየት ዝንጀሮዎቹ ምን እንደበሉ ማንበብ ነው።

ዝሆኑ ካለቀ የእነዚህን ዛፎች ዘር ማን ያደርሳል? የባቢሌ ዝሆኖች በየዓመቱ በመሬት ወረራና በአደን እየተጎዱ ስለሆነ ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ዛፉ ዛሬ ቆሞ ይታያል፣ ልጆቹ ግን አይበቅሉም። ይህን የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው።

የከዚራ እናት

ልጆቼ፣ ጥሩ እየተወያያችሁ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ቁርቁራ ነው። ፍየል የበላችው ቁርቁራ ቶሎ ይበቅላል ይባላል፣ ልጅ ሆነን ከበረት ፍሬውን ለቅመን እንተክል ነበር። ግን በጠጧ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው ተራግፎ፣ ጥርት ብሎ ተጠርጎ የምናገኘው በዝቶ ነበር። እንዴት ነው ነገሩ?

መምህርት ከአራተኛ

እማማ፣ ያዩት ነገር ሳይንቲስቶች ዘግይተው የደረሱበት ነው። ፍየል ትልልቅ ዘር ከበጠጥ ጋር አታወጣም። ሆዷ ውስጥ ያቆየችውን ማታ ስታመሰኳ ሥጋውን እያኘከች ዘሩን ትተፋዋለች። ሞሮኮ ውስጥ ፍየሎች አርጋን የሚባል ዛፍ ላይ ወጥተው ፍሬውን ይበላሉ፣ ሰዎች ዘሩ በበጠጥ የሚወጣ ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የስፔን ተመራማሪዎች በማመስኳት ጊዜ ተፍተው እንደሚጥሉት ጻፉ፣ ፍየሎችን ልዩ ልዩ ፍሬ አብልተውም የተተፋው ዘር አብዛኛው ሕይወት እንዳለው አዩ። እርስዎ የለቀሙት ጥርት ያለ ፍሬም ፍየሏ ካደረችበት የተተፋ ነው።

ለግራርም እንዲሁ ጥቅም አላት። የግራር ፍሬ ውስጥ ነቀዝ ይፈለፈላል። ፍየል ወይም ግመል ፍሬውን ቶሎ ከበሉት ነቀዙ ዘሩን ሳይጨርስ ሆድ ውስጥ ይሞታል፤ የተረፈው ዘር ይበቅላል።

ገንደ ቆሬ

እኔ አጭር ልጨምር። ጉሎ አጥር ሥር የሚበቅለው ለምን እንደሆነ ለማየት ከሰዓት በኋላ ቁጭ በሉና ጉንዳኑን ተከተሉ። ፍሬው ሲደርቅ ተሰንጥቆ ይፈናጠራል፤ ከዚያ ጉንዳን ይመጣል። ዘሩ ጫፍ ላይ ነጣ ያለች ቅባት ያላት እብጠት አለች፤ ጉንዳኑ የሚፈልገው እሷን ብቻ ነው። ዘሩን ጎትቶ ወደ ጉድጓዱ ያስገባል፣ እብጠቷን በልቶ ዘሩን ሳይነካ ይጥለዋል።

ብርቱካን ያላችሁ ደግሞ ተቀጽላን እዩ። ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ሙጫ አለው። ወፏ ውጣ ስትጥለው ወይም ከአፏ ለማላቀቅ ቅርንጫፍ ላይ ስትፈትግ እዚያው ይጣበቃል፣ ሥሩንም ቅርንጫፉ ውስጥ ይሰዳል። ከላይ መቅጠፍ አይጠቅምም፤ ከተጣበቀበት ዝቅ ብሎ ቅርንጫፉን ራሱን መቁረጥ ነው፣ ፍሬ ሳይዝ።

መልካ ጀብዱ

አቦ፣ አላህ ይስጣችሁ። እንዲህ ይብራራል ብዬ አልጠበቅኩም። ሁለት ነገር ልጠይቅና ልተው። ያሉትን ቡቃያዎች ምን ላድርግ? ፍጉንስ ጨርሶ ልተው ወይስ መላ አለው? ደግሞ የሽንሌ ልጅ፣ ፍሬውን ወፍጮ ቤት ብወስድ ይፈጩልኛል?

መምህርት ከአራተኛ

ፍጉን አትተው፣ ለመሬትህ ያስፈልገዋል። ከማሳው ውጭ ከምረው፣ ውኃ አጠጣው። ዘሩ እዚያው ይብቀል። ቡቃያው ሲወጣ ገልብጠው፣ ደግመህ አጠጣና ገልብጠው፤ መውጣቱን ሲያቆም ወደ ማሳ አስገባው። ከዚያም በኋላ ዓይንህ አይለየው፣ ምክንያቱም ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር ሁሉም በአንድ ዝናብ አይበቅልም። ማሳው ላይ ያሉትን አፈሩ እርጥብ ሳለ ከነሥራቸው ንቀል። ካደገ በኋላ ከመሬት በላይ መቁረጥ ዋጋ የለውም፣ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ አፈሩን ቆፍሮ ሥሩን ከታች መቁረጥ ነው።

የማሳህን ዳር በቁርቁራ አጥር ማጠር ከፈለግህ፣ ከፍየል በረት የተለቀመውን ፍሬ ቅርፊቱን ቀስ ብለህ ሰንጥቅ፣ አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳድርና ትከል።

የሽንሌ ልጅ

ወፍጮውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ ፍሬውን በፀሐይ በደንብ አድርቀው፣ በእጅህ ስትሰብረው ቀጭ የሚል እስኪሆን። ስኳር ስላለበት እርጥብ ከሆነ ወፍጮውን ይለጥፈዋል፤ ባለወፍጮዎች እምቢ የሚሉት ለዚህ ነው። ድንጋይ ወፍጮ ላይ አትውሰደው፣ በመዶሻ የሚፈጨው የመኖ ወፍጮ ይሻላል። ከፈጨህ በኋላ ዱቄቱን በእጅህ እየዘረገፍክ እይ፤ ሙሉ ዘር ካየህ ድጋሚ አስፈጨው። ከረጢቱንም አራግፈው፣ ስፌቱ ውስጥ ዘር ይቀራልና።